ሁለት መቶ አሥራ አራት ፖስታ

እኛ ልብስ ስናሰጣ አስቀድመን ነፋስ እናያለን፤
ጣት በምራቅ አርሰን፣ ወደ ላይ ቀስረን እንጠብቃለን።
ከባሕር ከመጣ፣ ገመዱን በአንሶላ እንሞላለን፤
ከፋብሪካው ከሆነ፣ ቅርጫቱን አንሥተን እንገባለን።

የፈላ ጎመን፣ የከረመ እንቁላል ይሸታል፤
እንግዳ ሲመጣ፣ ከአውቶቡስ ሳይወርድ አፍንጫውን ይይዛል፤
የአገሩ ሰው ግን፣ «ዳቦ ነው» ይለዋል፤ «ቆይ፣ ይርብሃል።»

ሄልሚራንታ ይህችው ናት። የፊንላንድ ጠረፍ ላይ፣ የነፋስ መቀመጫ፤
አንድ ጎዳና፣ አንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የጡብ ጭስ ማውጫ፤
ጥር ላይ ባሕሩ ሲጠጥር፣ ለጎረምሶች የመኪና መሮጫ።
ሰዓት ማን ይገዛል? የፋብሪካው ፉጨት ነበር፤
ድንቹ በፉጨት ሲጣድ፣ ሕፃኑ በፉጨት ሲያድር፣
ባል ሲገባ ሚስት ስትወጣ፣ በፈረቃ ተከፍሎ ትዳር፤
መሳሳሙም ደጃፍ ላይ፣ ኩርፊያውም ደጃፍ ላይ ሲቀር።

ጥድ እኮ መርፌ እንጂ ቅጠል የለውም፤ እዚያ ውስጥ ገብቶ
ቅጠል ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ነጭ ቅጠል፣
እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ፣ ሌላ አገር ሊነበብ ተፈቶ።

ኦይቫ ነበረን፤ ወረቀት በጆሮው የሚያነብ።
አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያርገበግብ፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤
«ይሄ ገና እርጥብ ነው» ይላል፤
«ይሄ አኩርፏል። ይሄኛው ግን ይናገራል።»
መለኪያ መሣሪያ የያዙት ልጆች ይስቁበት ነበር፤
መሣሪያው ግን አንድም ቀን አላሳፈረውም።

በሚያዝያ፣ በረዶው ሲሰነጠቅ፣
አንድ ከረጢት መጣ፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ደቃቅ፤
ሁለት መቶ አሥራ አራት ፖስታ።
ፖስተኛዋ እኔ ነኝ። ያደልኩት እኔ ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
የመጀመሪያው እንደተከፈተ መንገዱ ሁሉ ሰማ፤
በየደጁ ቆመው ጠበቁኝ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ አንድም ድምፅ ሳይሰማ።
ኢምፒ ከዳቦ ቤቷ ወጣች፣ ክንዷ በዱቄት ነጥቶ፤
«የልጆቼን አምጪው» አለች፤ ሦስት ነበሩ።
ሳትከፍታቸው ወስዳ ሚዛኑ ላይ አኖረች፤
መርፌው እስኪረጋ ጠበቀች፤
«ሠላሳ ግራም አይሞላም» አለች።

ኦይቫ መነጽሩንም አላጠለቀ፤
ደብዳቤውን አውጥቶ ጆሮው ሥር አርገበገበው፣
ዘንበል ብሎ ሰማው፤
«የኛ አይደለም» አለኝ። አጥፎ መለሰው።
አድራሻው ልክ፣ ተቀባዩ በሕይወት፣
ምን ጽፌበት ልመልሰው?
ይኸው፣ ሦስት ዓመቱ፣ ከከረጢቴ ሥር ነው።

ማሽኗን ብሎን በብሎን ፈቷት፤ ወደ ሩቅ አገር ተሸጠች።
ታይስቶ ብቻ ወደብ ወረደ፣ ሠላሳ ዓመት በእጁ ግራሶ የበላች፤
ቋንቋውን ለማያውቁ ጫኞች፣ በጣቱ እያሳየ፣
«የግራ ኩሽኔታዋ ሲሞቅ ታለቅሳለች፤ አትደንግጡ፣
ትንሽ ቅባት ስጡ» አለ።
እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲጋራ ሰጡት።
እንደማያጨስ አልነገራቸውም።

ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ልጅ ቀርቶታል፤
የኳስ ቡድን ለመሙላት ይበቃል፣ ተጋጣሚ ግን የለም።
የኢምፒ ታናሽ ልጅ ቤቱን በአሮጌ መኪና ዋጋ ሸጦ፣
በዚያው መኪና ሄደ።

ባለፈው መስከረም አማካሪ መጣ፣ ባለ ስላይድ፣ ባለ ሸራ ጫማ፤
ሐይቅ ያልሆነውን ባሕራችንን ሐይቅ እያለ፣ ሲያወራ አመሸ በአዳራሹ ጨለማ።
«ያላችሁን አታውቁትም» አለን፤ «ንጹሕ አየር!
በዓለም ላይ ብርቅ ነው።»
ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።
ኢምፒ እጇን አወጣች፤ «በኪሎ ነው በሜትር?»

ዛሬ ጠዋት ልብስ አጥቤ ወጣሁ።
ጣቴን ላስኩት፣ ቀሰርኩት፤
ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ነው።
ቅርጫቱን አንሥቼ በር ላይ ደረስኩ፣ ቆምኩ፣
ተመለስኩ፤ ሁሉንም አሰጣሁት።
አሥር ሰዓት ላይ ሳወርደው ነጥቷል፣ ደርቋል።
አንሶላውን ፊቴ ላይ አድርጌ ሳብኩት፣
ደግሜ ሳብኩት።